ያላነበብነውን መጽሐፍ ስንፈርድበት

(ስለ ደም መጣጭ የፍቅር ልብ ወለድና ስለ አንባቢዎቹ ታሪክ)

ነገሩ የተጀመረው በሥነ ጽሑፍ ክበባችን የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ ነው። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ የተለበጠ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዛ ገባች። «ምንድን ነው እሱ?» አልናት። «ትዋይላይት» አለች፤ ሳቃችን ክፍሉን ሞላው። አንዱ «የደም መጣጭ ፍቅር!» አለ። ሌላው «የኮረዳ ቅዠት ነው» ሲል፣ አንዷ ደሞ «ይሄ ሥነ ጽሑፍ አይባልም፣ ከረሜላ ነው» አለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ተራ በተራ እየተነሣን ሂሳችንን አወረድነው፤ ስለ ገበያ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ምዕራባውያን የባህል ሸቀጥ፣ ስለ ወጣቱ መደንዘዝ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ልጅቷ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና በመጨረሻ «ለመሆኑ ስንቶቻችሁ አንብባችሁታል?» ስትል ጠየቀች። ከአሥራ አንዳችን ሁለት እጅ ብቻ ወጣ፤ ከሁለቱም አንዱ «እኔ ያየሁት ፊልሙን ነው» ብሎ እጁን መለሰው። ከዚያ በኋላ የሚናገር ጠፋ።

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ዝምታ ነው። መጽሐፉን ከልጅቷ ተውሰን እየተቀባበልን አነበብነው። ካነበብን በኋላ ሌሎች አንባብያን ምን አሉ ብለን መፈለግ ጀመርን፤ ፍለጋው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየጎተተ ወደ 300 ዓመት ገደማ ወሰደን። እዚያም ያገኘነው የራሳችንን ሳቅ ነው! የዚያን ዕለት ማታ ያወረድነው ሂስ ከእኛ በፊት በሌሎች ሰዎች፣ ስለ ሌሎች መጻሕፍት፣ ደጋግሞ ተብሏል።

ስለዚህ ለማሳየት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። አንባቢን መናቅና መጽሐፍን መተቸት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ድካም የለውም፤ ሳያነቡም ይሠራል። ሁለተኛው ግን ማንበብን ይጠይቃል። «ትዋይላይት»ን በተመለከተ ደግሞ ጠንካራ ጠንካራውን ትችት ያገኘነው እኛ ከሳቅንባቸው አንባቢዎች ዘንድ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ደም መጣጩ ራሱ ከየት መጣ? ዛሬ ቫምፓየር ሲባል ፊታችን የሚደቀነው መልከ መልካም፣ ገርጣ ያለ፣ ልብስ ያማረበት ወጣት ነው። ጥንት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1718 በፓሳሮቪትስ ውል የሰርቢያ ሰሜናዊ ክፍል ከኦቶማን ቱርኮች ወደ ሀብስቡርጎች እጅ ሲዛወር፣ አዲሶቹ ሹማምንት በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ አንድ ልማድ አገኙ። በመንደር ውስጥ ሰው ተከታትሎ ሲሞት፣ ነዋሪው ቀደም ብሎ የሞተውን ሰው መቃብር ይከፍታል፤ አስከሬኑ አልፈረሰም፣ አፉ ላይም ደም ታይቷል ከተባለ በሹል እንጨት ተወግቶ ይቃጠላል። በ1725 ኪሲሎቫ በምትባል መንደር ፔታር ብላጎዬቪች የተባለ ገበሬ ከሞተ በኋላ እንዲህ ተፈረደበት። ጥቂት ቆይቶም በሌላ መንደር የአርኖልድ ፓውሌ ነገር ተነሣ። ስለዚህኛው የሠራዊቱ ሐኪሞች በቦታው ተገኝተው የጻፉት የ1732 ዘገባ በየጋዜጣው ተሰራጭቶ ቫምፓየር የሚለውን ቃል ለጀርመን፣ ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ አንባቢ አስተዋወቀ።

ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። አስከሬን ሲበሰብስ በጋዝ ይነፋል፤ ከውስጡ የሚገፋው ፈሳሽም በአፍና በአፍንጫ ይወጣል፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ መበስበሱ ይዘገያል። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ1755 ሐኪማቸውን ጌራርድ ቫን ስዊተንን ነገሩን እንዲመረምር አዘው፣ እምነቱ ከድንቁርና የመጣ ነው የሚል መልስ ሲያገኙ፣ እንዲህ እያሉ መቃብር መክፈትን ከለከሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ደም መጣጭ ያበጠ የገበሬ ሬሳ ነበር። ማንም አላፈቀረውም።

ሬሳውን ጌታ አድርጎ ያለበሰው የሃያ ዓመት ወጣት ሐኪም ነው። በ1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሰማዩን ስለሸፈነው፣ በተከታዩ ዓመት አውሮፓ የበጋ ሙቀት ሳታይ ቀረች። በ1816 ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏቸው በጄኔቭ ሐይቅ ዳር በአንድ ቪላ ውስጥ ከተሰበሰቡት መካከል ባለቅኔው ሎርድ ባይረን፣ ሐኪሙ ጆን ፖሊዶሪ፣ ባለቅኔው ፐርሲ ሼሊና በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው የ18 ዓመት ወጣት ይገኙ ነበር። ባይረን እያንዳንዳችን አንድ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ አለ። ከዚያ ውድድር የሜሪ «ፍራንከንስታይን» በ1818፣ የፖሊዶሪ «ዘ ቫምፓየር» በ1819 ወጡ። የፖሊዶሪ ደም መጣጭ ገበሬ አይደለም፤ በለንደን የመኳንንት አዳራሽ የሚመላለስ፣ ሴቶችን የሚያማልል ሎርድ ነው።

እዚህ ላይ የአንባቢው ነገር ይመጣል። ታሪኩን ያተመው መጽሔት የባይረን ድርሰት ነው ብሎ አወጣው። ባይረን የእኔ አይደለም ቢልም፣ ፖሊዶሪም የእኔ ነው ቢልም፣ ሰው የተሻማው በባይረን ስም ነበር። ፖሊዶሪ ክብሩን በወጉ ሳያገኝ በ1821 በ25 ዓመቱ ሞተ። ይህ ከእኛ የዓርብ ማታ ጥፋት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ስም አይቶ ማድነቅና ስም አይቶ መሳቅ ወንድማማቾች ናቸው።

ደም መጣጩ ጌታ መሆኑ ራሱ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ቮልቴር በ1770ዎቹ መጀመሪያ ስለ ቫምፓየር ሲጽፍ፣ እውነተኞቹ ደም መጣጮች መቃብር ውስጥ ሳይሆኑ በጠራራ ፀሐይ የሕዝቡን ደም የሚመጡት ነጋዴዎችና ባለ ገንዘቦች ናቸው ብሎ ተሳልቋል። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ካፒታልን የሕያው ሠራተኛ ጉልበት እየመጠጠ በሚኖር ደም መጣጭ መስሎታል። በእኛም አገር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት «ደም መጣጭ» ሲባል የአብዛኛው ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ባላባቱና ወደ በዝባዡ ነበር እንጂ ጥርሱ ወደ ሾለ ፍጡር አልነበረም። የእኛ የክበብ አባላት ደም መጣጭን ማፍቀር የሚለው ነገር ጆሯችንን የቆረጠውም አንዱ በዚህ የተነሣ ይመስለናል። ቃሉ ገና ሲጠራ ጠላት ነው! ነገር ግን የቃሉ ትርጉም እኛ ዘንድ ይህን በመምሰሉ ሌላ አገር ያለችን አንባቢ ልንወቅሳት አንችልም።

አሁን ወደ አንባቢዋ እንምጣ። ወጣት ሴት ልብ ወለድ አነበበች ተብሎ መሳቅ የተጀመረው በ2005 አይደለም። በ1740 ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ»ን አሳተመ። ፓሜላ የ15 ዓመት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ጌታዋ ያሳድዳታል፣ ወስዶም ይዘጋባታል፣ በመጨረሻ ግን ጠባዩ ተለውጦ ያገባታል። መጽሐፉ እንግሊዝን ለሁለት ከፈላት፤ የፓሜላ ደጋፊና የፓሜላ ተቃዋሚ የሚባል ጎራ ተፈጠረ። ደጋፊዎቹ ድሀይቱ ልጅ ክብሯን ጠብቃ አሸነፈች አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ አስመሳይ ናት አሉ። ሄንሪ ፊልዲንግ በዓመቱ «ሻሜላ» የሚል መሳለቂያ ጻፈባት። አስተውሉ! ከሁለቱም ጎራ ብዙው ጭቅጭቅ ስለ ልጅቷ ጨዋነት እንጂ፣ ሰው አስሮ የሚያስጨንቅ ጌታ እንዴት ለባልነት ይመረጣል ስለሚለው አልነበረም። ይህን ጥያቄ ወደፊት እንመለስበታለን።

በ1774 የጎተ «ቬርተር» ሲወጣ የፍርሃቱ ዓይነት ተለወጠ። በፍቅር የተጎዳው ወጣት በመጨረሻ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ አንባቢው ይከተለዋል ተብሎ ተሰጋ። የላይፕሲሽ ከተማ ምክር ቤት በ1775 መጽሐፉ እንዳይሸጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ቬርተር መልበስንም ጭምር ከለከለ። ባለሥልጣኑ ወጣቱን የሚያየው የነገሩትን ሁሉ እንደሚሠራ ሕፃን ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ጥሩ መልስ ያገኘነው ከጄን ኦስተን ነው። «ኖርዛንገር አቤይ» የተባለው ልብ ወለዷ ለአሳታሚ የተሸጠው በ1803 ቢሆንም ሳይታተም ቆይቶ፣ ለአንባቢ የደረሰው እሷ ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ ላይ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካትሪን 17 ዓመቷ ነው፤ በ1794 የወጣውን የአን ራድክሊፍን አስፈሪ ልብ ወለድ እየዋጠች ታነባለች። ኦስተን ትስቅባታለች፤ ልጅቷ ያነበበችውን እያሰበች በሰው ቤት ውስጥ የሌለ ወንጀል ስትፈልግ ታሳየናለች። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ትረካውን አቋርጣ ልብ ወለድንና አንባቢዎቹን ትከላከላለች፤ እያነበቡ አላነበብንም ብለው የሚያፍሩትንም ትወቅሳለች። ልጅቷን እየወደደች ትስቃለች፤ መጽሐፉንም አንብባ ትስቃለች። የእኛ ሳቅ የጎደለው እንግዲህ ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደም መጣጩና የተናቀው አንባቢ ተገናኙ። ከ1845 እስከ 1847 «ቫርኒ ዘ ቫምፓየር» በየሳምንቱ በርካሽ ወረቀት እየታተመ በአንድ ፔኒ ለሠራተኛው መደብ ይሸጥ ነበር፤ የተማረው ክፍል ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ በሙሉ በንቀት ይጠራው ነበር። በ1872 የአየርላንዳዊው ሸሪዳን ለፋኑ «ካርሚላ» በመጽሐፍ ወጣች፤ በዚያ ደም መጣጯም ተጠቂዋም ወጣት ሴቶች ናቸው። በ1897 የብራም ስቶከር «ድራኩላ» መጣ። ዛሬ «ድራኩላ» በየዩኒቨርሲቲው ስለሚማሩት ክላሲክ ሆኗል፤ ሲወጣ ግን ማስፈራሪያና ማዝናኛ ነበር። በውስጡ ሉሲንና ሚናን ለማዳን ወንዶች ይማከራሉ፣ ወንዶች ያድናሉ፤ ሴቲቱ ምን ትፈልጋለች የሚለው ጥያቄ የሚያስፈራ እንጂ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። በ1976 አሜሪካዊቷ አን ራይስ «ከቫምፓየር ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» ልንለው በምንችለው ልብ ወለዷ ለደም መጣጩ አፍ ሰጠችው፤ እሱ ራሱ ጸጸቱንና ብቸኝነቱን ይተርካል። ከዚህ በኋላ የቀረው አንድ እርምጃ ነበር፤ እሱን የምትፈልገው ልጅ ራሷ እንድትናገር።

ያንን እርምጃ የወሰደችው ስቴፈኒ ሜየር ናት። በአሪዞና የምትኖር፣ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተመረቀች የሦስት ልጆች እናትና የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። በሰኔ 2003 በሕልሟ አንዲት ልጅና አንድ ደም መጣጭ በጫካ ውስጥ ሲነጋገሩ አየሁ ብላ ጽፋለች። «ትዋይላይት»፣ በእኛ ቋንቋ «ድንግዝግዝታ» ልንለው የምንችለው፣ በጥቅምት 2005 ወጣ። «ኒው ሙን» በ2006፣ «ኤክሊፕስ» በ2007፣ «ብሬኪንግ ዶውን» በ2008 ተከተሉ። አራቱ አንድ ላይ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጡ። የመጨረሻው በነሐሴ 2008 ሲወጣ ወጣቶች በመጻሕፍት መደብሮች ደጃፍ እኩለ ሌሊትን ጠብቀው ገዙት። ከ2008 እስከ 2012 የተሠሩት አምስት ፊልሞችም በመላው ዓለም ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ።

ላላነበበ ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የ17 ዓመቷ ቤላ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ፎርክስ ወደምትባል ዝናባም ትንሽ ከተማ፣ ከአባቷ ጋር ልትኖር ትሄዳለች። በትምህርት ቤቱ ኤድዋርድ የሚባል ልጅ ትተዋወቃለች። ኤድዋርድ በ1918 በኅዳር በሽታ ሊሞት ሲል ደም መጣጭ የተደረገ፣ ከዚያ ወዲህ ከ17 ዓመቱ ያላለፈ ነው። እሱና ቤተሰቡ የሰው ደም ላለመጠጣት ወስነው የአውሬ ደም ይጠጣሉ። ፀሐይ ሲነካው አይቃጠልም፤ እንደ አልማዝ ያብረቀርቃል። ኋላ ደግሞ ጄከብ የሚባል፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ የኩዊሊዩት ነገድ ወጣት ቤላን ያፈቅራል። አንባብያንም እንደ ፓሜላ ዘመን ጎራ ለዩ፤ የኤድዋርድ ቡድንና የጄከብ ቡድን ተባብለው ስማቸውን በካናቴራ ላይ አሳትመው ለበሱ።

እስቲ አስተያየቶቹን እንመርምር። የመጀመሪያው የከልካዮች ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል አቤቱታ የበዛባቸውን መጻሕፍት በየዓመቱ ሲዘረዝር፣ የ«ትዋይላይት» ተከታታይ በ2009 አምስተኛ፣ በ2010 አሥረኛ ሆነ። ከምክንያቶቹ መካከል የሃይማኖት አመለካከትና ለዕድሜያቸው አይመጥንም የሚሉት ይገኙባቸዋል። የሚያስገርመው፣ ኤድዋርድና ቤላ እስኪጋቡ ድረስ ራሳቸውን የሚገቱ ናቸው! የላይፕሲሽ ምክር ቤት በሌላ ስም ተመልሶ መጣ እንጂ ሌላ አይደለም።

ሁለተኛው የባለሙያ ነው። ስመ ጥሩው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስቲቨን ኪንግ በ2009 በሰጠው ቃለ መጠይቅ ሜየር መጻፍ አትችልም ብሎ በግልጽ ተናገረ። ጋዜጣው ሁሉ ይህችን ይዞ ሮጠ። ኪንግ ግን በዚያው አፉ ወጣት ሴቶች ለምን እንደወደዱት አብራርቶ ነበር፤ ፍቅርንና የሥጋ ፍላጎትን በማያሰጋ መንገድ እንዲያስቡበት በር ከፍቶላቸዋል የሚል ነው። ነቀፌታው ሲጠቀስ ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ይቀራል። እኛም ስናነብ በአጻጻፉ ላይ ከኪንግ ጋር የተስማማን አለን፤ የኤድዋርድ ቁንጅና በየገጹ ሲደጋገም ያሰለቻል። ቢሆንም ከእኛ አንዱ፣ ያውም ከሁሉ በላይ ሲስቅ የነበረው፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲያነብ አድሮ የጠዋት ክፍል እንዳመለጠው መሸሸግ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው የነባር ደም መጣጭ ወዳጆች ነው። ቫምፓየር እንዴት ያብረቀርቃል ብለው ተቆጡ። ይህን ታሪክ ይመልሰዋል፤ የሰርቢያው ገበሬ ሎርድ ሲሆን ያልተቆጣ፣ ሎርዱ ሲያብረቀርቅ የሚቆጣበት ምክንያት ደካማ ነው። በስቶከር መጽሐፍ እንኳን ድራኩላ ቀን ይሄዳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ደም መጣጩ በፀሐይ ብርሃን ሲጠፋ ያየነው በ1922 በተሠራው «ኖስፈራቱ» በተባለው የጀርመን ፊልም ነው። ጥንታዊ ሕግ ነው ያልነው የትናንት የሲኒማ ፈጠራ ሆኖ ተገኘ!

አራተኛውና ከባዱ የሴት አንባብያን ነው። እነሱ መጽሐፉን ስላነበቡ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። ኤድዋርድ ቤላ ሳታውቅ ሌሊት በመስኮት እየገባ ስትተኛ ያያታል። በሁለተኛው መጽሐፍ ትቷት ሲሄድ ሕይወቷ ይቆማል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ስማቸው ብቻ የተጻፈባቸው ባዶ ገጾች ሆነው ቀርበዋል። በሦስተኛው ደግሞ ወደ ጄከብ እንዳትሄድ የመኪናዋን ሞተር ይፈታባታል። ይህ ፍቅር ነው ወይስ እስር? ብለው ጠየቁ። በፓሜላ ጊዜ በብዛት ያልተጠየቀው ጥያቄ እነሆ ከ260 ዓመት በኋላ ከራሳቸው ከአንባቢዎቹ ተነሣ። ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ መለሱላቸው፤ ታሪኩን የምትናገረው ቤላ ናት፣ የምትፈልገውን የምታውቅ ቤላ ናት፣ የሚፈራውና ራሱን የሚገታው ወንዱ ነው አሉ። የድራኩላን ሚና ያስታወሰ ሰው ይህ መልስ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል።

ደራሲዋም ዝም አላለችም። በ2015፣ መጽሐፉ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ የገጸ ባሕርያቱን ፆታ አገላብጣ እንደገና ጻፈችው፤ ቤላ ቦ የሚባል ወንድ፣ ኤድዋርድ ኢዲት የምትባል ሴት ሆኑ። በመግቢያዋም ቤላ ሁልጊዜ አዳኝ የምትሻ ደካማ ሴት ናት የሚለውን ወቀሳ አንሥታ፣ ነገሩ የሴትነት ሳይሆን በኃያላን መካከል የተገኘ የሰው ልጅ ድካም ነው ብላ ተከራከረች። መልሱ ያጠግባል? እኛ ዘንድ አላጠገበም፤ ሞተር መፍታትን ሴት ብትሠራውም ሞተር መፍታት ነው። ነገር ግን በአንባቢ ትችት ምክንያት ደራሲ መጽሐፏን መልሳ ስትጽፍ ማየት፣ አንባቢው ደንዝዟል የሚለውን የዓርብ ማታ ፍርዳችንን ያፈርሰዋል።

አምስተኛው አስተያየት ከአንባቢ ጎራ ውጭ ያሉት፣ ሳይጠየቁ መጽሐፍ ውስጥ የገቡት ሰዎች ነው። ኩዊሊዩቶች በእውነት አሉ፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ላ ፑሽ በምትባል፣ አንድ ካሬ ማይል ገደማ በሆነች የተከለለች ምድር ላይ ይኖራሉ። አመጣጣቸውን ከተኩላ ጋር የሚያያይዝ የራሳቸው ጥንታዊ ትርክት አላቸው፤ ደም መጣጭን የሚያድኑ ተኩላ ወጣቶች ግን የደራሲዋ ፈጠራ ናቸው። ሜየር ፎርክስን የመረጠችው በአሜሪካ ዝናብ የሚበዛበትን ቦታ በኢንተርኔት ፈልጋ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጽፍ አገሩን አላየችውም ነበር። መጽሐፉ ሲገን የነገዱ ስም በየሸቀጡ ላይ ተለጠፈ። የሕግ ምሁርዋ አንጀላ ራይሊ በ2010 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ይህንን ስትነቅፍ፣ በርእሷ ላይ የተጠቀመችው የደም መምጠጥን ዘይቤ ነው። እንግዲህ ቃሉ ዞሮ ዞሮ ወደ ቮልቴርና ወደ እኛ ትርጉም ተመለሰ ማለት ነው።

ኩዊሊዩቶች በበኩላቸው እንግዳውን አላባረሩም፤ በሲያትል ካለው የበርክ ሙዚየም ጋር ሆነው እውነቱን ከልብ ወለዱ የሚለይ ማስተማሪያ አዘጋጁ። ዋናው ጭንቀታቸው ግን ሌላ ነበር፤ መንደራቸው ሱናሚ በሚያሰጋው ዝቅተኛ የባሕር ዳርቻ ላይ ናት። በየካቲት 2012 በጸደቀ ሕግ ወደ ከፍታ መውጫ የሚሆን 785 ኤከር፣ ማለት 318 ሄክታር ገደማ፣ ከብሔራዊ ፓርኩ ተቀንሶ ተሰጣቸው። ልብ ወለዱን አንብቦ ላ ፑሽን ሊያይ የመጣ ወጣት ስለዚህ ጉዳይ አውቆ ከተመለሰ፣ መጽሐፉ ያልጻፈውን አነበበ ማለት ነው።

ለማጠቃለል ወደ ክበባችን እንመለስ። መጽሐፉን ለልጅቷ ስንመልስላት ይቅርታ ጠየቅናት፤ ከዚያም ባሰባሰብነው ትችት ልናስተምራት ጀመርን። የመኪናውን ሞተር ነገር ስናነሣ አቋረጠችን። «እዚያ ጋ ስደርስ ተናድጄ መጽሐፉን ወረወርኩት» አለች። «ከዚያ አነሣሁትና ጨረስኩት። እናንተ ግን እየወደድኩት የምወረውር ሰው መሆኔ አልታያችሁም።» መልስ አልነበረንም። ወዶ ማንበብና ተቆጥቶ መወርወር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ፣ ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን የምንለው ሰዎች ዘንግተን ነበር።

ከእኛ መካከል «ትዋይላይት» ታላቅ መጽሐፍ ነው የሚል የለም፤ እሷም አላለችም። ታላቅ ባይሆንም ብዙዎችን ወደ ሌላ መጽሐፍ አሻግሯል። ቤላ የምትወደው የኤሚሊ ብሮንቴ የ1847 ልብ ወለድ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በ2009 እንግሊዝ ውስጥ «ትዋይላይት»ን በሚመስል ሽፋን ታትሞ ገበያው ደርቶለት ነበር። እኛስ ብንሆን፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናከብር ሰዎች ፍቅር ተራ ርእስ ነው የምንለው በምን አፋችን ነው? በየመንደሩ የአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ እየተዋሱ የሚያነቡ እኅቶቻችን ስለሚያነቡት ነገር ምን እንደሚሉ ከመካከላችን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

በክበባችን አንድ ደንብ አጽድቀናል፤ ከእንግዲህ ያላነበበ አስተያየት አይሰጥም፤ ያነበበ ደግሞ የፈለገውን ይበል፤ ይወርውረውም። የሚቀጥለውን የዓርብ ስብሰባ የምትመራው ያቺው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምንወያየው በ«ካርሚላ» ላይ ነው። መምጣት የምትፈልጉ አንብባችሁ ኑ።